በአንድ እጅ የሚለበስ ቀሚስ

ልብስ ስፌት ቤቴ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። እጄ አይታማም፤ ምላሴ ግን ይቀድመኛል። የሰፋሁት ልብስ ሲመለስብኝማ ደሜ ይፈላል።

አዴ ጂቱ የሚባሉ አሮጊት ደንበኛዬ አንድ ቀሚስ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ።

መጀመሪያ ምራታቸው ኤቢሴ ደግፋ ስታመጣቸው፣ ስትሮክ የመታው ቀኝ እጃቸው እንደተንጠለጠለ አይቻለሁ። ግን በትልቅ ሰው ፊት ሕመማቸው እንዴት ይነሳል? ይሉኝታ ያዘኝና ዝም ብዬ ለካሁ። ቀሚሱንም እንደማንኛውም ሴት ቀሚስ ከኋላ በዚፕ ዘጋሁት።

"ውብ ነው፤ አንገቱ ብቻ ጠበበኝ" ብለው መለሱት። አሰፋሁት። በሁለተኛው "ውብ ነው፤ ከለሩ ብቻ..." አሉ። ከለሩን የመረጡት እኮ ራሳቸው ናቸው!

"እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ አዴ ጂቱ!" ብዬ ጮህኩ። "በዚያ እጅዎ ዚፑን መዝጋት አቅቶዎት ነው አይደል?"

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ኤቢሴን ውጭ እንድትጠብቃቸው ላኩና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ዓመት ሙሉ የምታለብሰኝ እሷ ናት" አሉ። "ትባረክ፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ለልጅ ልጄ ለዱሬቲ ሠርግ ግን ራሴ ለብሼ መውጣት አማረኝ። ይህን ለአንቺ መንገር ደግሞ አሳፈረኝ።"

ዚፑን ፈትቼ ጀርባውን ዘጋሁት፤ ፊቱን ከላይ እስከ ታች በመቀስ ከፈትኩት። ቁልፍ ሳቀርብ "ይቺ ደቃቃ ናት፣ አትያዝልኝም" አሉ። የካፖርት ቁልፍ አመጣሁ። "ቀዳዳው አግድም ይሁን፤ አውራ ጣቴ የሚገፋው እንዲህ ነው" ብለው አሳዩኝ። እኔ ስሰፋ፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ሲሞክሩ፣ ስፈታ፣ መልሰው ሲሞክሩ ዋልን። ሃያ ዓመት ለሰው ሰፍቻለሁ፤ ከሰው ጋር ስሰፋ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት መኪናቸውን ደጄ ላይ አስቁመው ወረዱ። ራሳቸው ለብሰውታል። ግን አንድ ቁልፍ ዘለዋል፤ ቀሚሱ ወደ አንድ ጎን ተንሻፏል።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ውብ ነው" ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "ከላይ ሁለተኛዋን ዘለዋታል" አልኳቸው።

ሳቁ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

"ይጠብቅ!" አሉ አዴ ጂቱ።

እንባዬን መጥረግ ፈልጌ ነበር። ግን እጆቼን ከለቀቅኳቸው ወደ ቁልፎቹ እንደሚሄዱ ስለማውቅ፣ ቆልፈው እስኪጨርሱ ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ።