የግል ፍላጎት፦ የለም

«የቀረኝ የግል ፍላጎትዎ ብቻ ነው» አለች ጸሐፊዋ፣ እስክሪብቶዋን የምርጫ ዕጩዎች ቅጽ ላይ እንዳሳረፈች።

ሰብሳቢዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም እትዬ። እዚህ ቅጹ ላይ...»

«የመንገዱ መብራት ነው አይደል? ደጄ ላይ የተተከለው?»

ጸሐፊዋ በሰፈሩ ኮሚቴ ቢሮ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ስለ መብራት የሰማችው ነገር የለም። ሰብሳቢዋ ግን ፊት ለፊት የተናገራት ሰው ባይኖርም መብራቱን ለራሷ ደጅ አስተከለች የሚለውን ሐሜት ዓመት ሙሉ ስትሰማው ከርማለች። ምሰሶው የት እንደሚቆም የመረጠው መሐንዲሱ ነው፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር እሷ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛ ነበር። ይህን ሁሉ ምንም ለማታውቀው ልጅ በአንድ ትንፋሽ አስረዳቻት።

«በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለራሴ ብዬ አንዲት ነገር ጠይቄ አላውቅም። የግል ፍላጎት የለኝም። የለም ብለሽ ጻፊ።»

ጸሐፊዋ አንዴ ቅጹን፣ አንዴ ሰብሳቢዋን አየች። ከዚያ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ብላ ጻፈች።

የቀረው ፊርማ ነበር። በሚቀጥለው ምርጫ ለመወዳደር ፈቃደኛ መሆኗን የምታረጋግጥበት የመጨረሻው መስመር ባዶውን ነው። ቅጾቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚላኩ ጊዜ አለ። ሰብሳቢዋ ባሏ የፊደል ግድፈት ሳያይላት ምንም ወረቀት አትፈርምም፤ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለምሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ለአራተኛ ጊዜ እንደምትወዳደር የተጠራጠረ ማንም አልነበረም። እሷም ብትሆን አልተጠራጠረችም።

ባሏ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው። ከምሳ በኋላ መነጽሩን አድርጎ ቅጹን እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። በየመሐሉ ቆም እያለ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት? አስተዋውቂኝ እስቲ» ይላታል።

ቅጹ በአጭሩ ይለዋል እንጂ መንገዱ አጭር አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስልክ ቤት አገናኝ ሆና ተቀጠረች። ሃያ አንድ ዓመት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ገመድ እየነቀለችና እየሰካች የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ ኖረች። ደዋዩ ሀሎ ሲል ብቻ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደቸኮለ ታውቅ ነበር። ከዚያ በራሱ የሚያገናኝ አዲስ መሣሪያ መጣና አገናኞቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው እንኳ ጠፍቷት ነበር።

በሁለተኛው ወር ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር የተነሳ ተጣሉ። እሷ የሄደችው እንደ ማንኛውም ሰው ጠቡን ለማየት ነው። ተዉ እንጂ ስትል ግን ሁለቱም ዘወር ብለው አዩዋት። ድምፅዋን ያውቁታል፤ ለዓመታት ከእህት ከወንድማቸው ጋር ያገናኘቻቸው እሷ ናት። አፍረው ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ሰብሳቢ አደረጓት። የቦይ ጠረጋው፣ የቆሻሻ መኪናው፣ የትምህርት ቤቱ መሻገሪያ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያው ሁሉ ወደ እሷ መጣ። ስብሰባ በሀሎ ስለምትጀምር ሰፈሩ እትዬ ሀሎ ብሎ ይጠራታል።

ባሏ እዚህ ድረስ አንብቦ ድንገት በሳቅ ፈረሰ።

«የግል ፍላጎት፣ የለም። ኧረ በቁምሽ ቀብረውሻል!»

ተቆጥታ የመብራቱን ነገር ልትደግምለት ጀመረች። እሱ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

«እሱን አይደለም እኮ። ደስ የሚልሽ ነገር ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ከሥራ ውጪ። ኳስ ትወጃለሽ፣ መጽሐፍ ታነቢያለሽ፣ ምናምን።»

ሰብሳቢዋ የልጅቷ ፊት ትዝ አላትና ጆሮዋ ጋለ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ይሄማ ምን ችግር አለው፤ አንቺ የምትወጂው...» አለና ቆመ። ጣሪያውን አየ። አብረው መኖር ከጀመሩ ሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጠበቀችው።

«ስብሰባ ትወጃለሽ» አለ በመጨረሻ።

«ስብሰባ አልወድም።»

ጨው አቀብለኝ በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው። ባሏ አልሳቀም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። መቼም ወድጄው አላውቅም አለችው። ሰው በወጉ ተራ ይዞ እስኪናገር ስትጠብቅ የግድግዳውን ሰዓት እንደምታይ፣ ሁሉም ሄዶላት ወንበር ስትደረድር ብቻ ቀለል እንደሚላት ነገረችው። የምትወደው ሌላ ነገር ነበር። ስልክ ቤት ሳለች፣ መስመሩ ጸጥ ሲል፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ደዋዮች ፊት ከድምፃቸው ተነስታ በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ትስል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለልጁ የሚደውለውን ሰውዬ ለመሳል አሥር ጊዜ ሞክራለች፤ አፍንጫው አልመጣላትም።

«ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም» አለ ባሏ።

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ከዚያ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው፤ ሰብሳቢነቱን ብትተው ያ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችበት ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ትፈራለች።

«ያኔ አሰናበቱሽ» አላት ቅጹን እያጠፈ። «አሁን ብትተዪው ግን ያሰናበተሽ የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስትደርስ ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ጥግ ላይ ካለው የእጅ መታጠቢያ ስር በጀርባው ተኝቷል፤ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀቻት። ጸሐፊዋ ደግሞ ጥፋቱ የጥያቄው ነው እያለች ከመሳቢያዋ የቀሩትን ቅጾች አወጣች።

«ለሌሎቹ የኮሚቴ ቦታዎች ዘጠኝ ሰው አስገብቷል፤ ስድስቱ የለም ነው ያሉት። አንዱማ ምሎበታል። ስለ ሰባተኛው ልንገርዎት? ለሕዝብ እንጂ ለራሴ አልኖርም ይላል።»

ሰብሳቢዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስኪደክማት ሳቀች። ከመታጠቢያው ስርም ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ራስ ከብረት ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

«እኔም የለም ነው ያልኩት» አለ ቧንቧ ሠራተኛው ከዚያው።

«አንተ ደግሞ የምን ቅጽ ሞልተህ?»

ሰውየው ግንባሩን እያሻሸ ወጣና ከቱታው የደረት ኪስ ጫፉ የረጠበ የሰብሳቢነት ዕጩ ቅጽ አወጣ። ከሞላው ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

«ለምን አላስገባህም?»

«እትዬ እያሉ እኔ ምን ፊት አለኝ?»

ሰብሳቢነቱን ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። ሰውየው ተናጋሪ አይደለም፤ መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሁሉንም ቤት ቧንቧ አውቃለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም አውቃለሁ። ዕቃ ማጠቢያ ስር ተኝቶ የማይሰማ ነገር የለም እትዬ፤ ሰው መኖሬን ይረሳዋል።»

ሰብሳቢዋ ትኩር ብላ አየችው። በዚህ ቢሮ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ለአሥራ ሁለት ዓመት አስባ አታውቅም። ደረቷ ውስጥ ተጨብጦ የኖረ ነገር ጣት በጣት ሲፈታ ተሰማት።

«ከሥራ ውጪ ደስ የሚልህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ማጥመድ» አለ እያፈረ። «ይዤ ባላውቅም።»

«እሱን ጻፍ። ከዚያ ስጣት።»

የራሷን እስክሪብቶ አቀበለችው። እሱ ቆሞ ሲጽፍ ጸሐፊዋ የሰብሳቢዋን ቅጽ ዘረጋችና የለም የሚለውን ሰርዛ ምን ልበል አለች። ሰብሳቢዋ ትንሽ አሰበች።

«በድምፅ የማውቀውን ሰው ፊት መሳል በይ።»

ልጅቷ ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ቅጹን አዙራ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየቻት።

«ፊርማ ይቀራል እትዬ።»

«እሱ ይቅር» አለች ሰብሳቢዋ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ የቧንቧ ሠራተኛውን ጨምሮ የተፈረሙትን አሥር ቅጾች ላከች። የእትዬ ሀሎ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።