እንድርያስ የጣለው ቅጂ

እንድርያስ ሆሳዕና በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ጣቢያው ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቤት ተከራይቷል፤ በአንዱ ስቱዲዮው አለ፣ በሌላው የገጠር ሽማግሌዎች ድምፅ ይከማቻል። እንድርያስ በየቤቱ አንድ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ድምፅ የሚያከማች ኮምፒውተር፣ አስቀምጦ በኬብል አገናኝቷቸዋል፤ በአንዱ ዲስክ የገባው ወዲያው በሌላውም ይገለበጣል። በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር። በየቀበሌው እየዞረች የምትቀዳውን ባልደረባውን ሀያትን፣ «አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለልሽ፤ ሰርቨሩ ላይ ካስገባሽ መቅጃሽ ላይ ያለውን አጥፊው» ያላትም እሱ ነው። እሷም አመነችው።

ክረምቱ ሲገባ የመንገድ ቆፋሪ ማሽን ኬብሉን በጠሰው። ሁለቱ ሰርቨሮች ተጠራርተው መልስ ሲያጡ፣ እያንዳንዱ ባልንጀራው የሞተ መስሎት ለብቻው መሥራቱን ቀጠለ። ኬብሉ ተቀጥሎም አልታረቁም። የያዙት ተለያይቷልና የማንኛው እንዲጸና፣ የማንኛው እንዲጣል ሰው እንዲወስን ጠየቁ፤ እስኪወሰንም ምንም ፋይል አይከፍቱም።

ደንቡ ለእንድርያስ አልጠፋውም። አስቀድሞ የሁለቱንም ቅጂ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ልዩነቱን ማየት፣ ከዚያ ማዋሃድ ነበር። ግን ያ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ተገኘ ደግሞ የቀትር ዜና ሊያመልጠን ነው እያሉ በሩ ላይ ቆመዋል። ሀያት መስክ ናት፣ በዚያኛው ቤት ማን ምን ያስገባል ብሎ ራሱን አሳመነና የስቱዲዮው እንዲጸና፣ የዚያኛው እንዲጣል አዘዘ። ዜናው በሰዓቱ ተነበበ። አቶ ተገኘ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

ሀያት ግን ኬብሉ ተቆርጦ ሳለ ወደ ድምፅ ማከማቻው ቤት ብቅ ብላ ነበር። ከሞርሲቶ አካባቢ አባባ ቃሲም የተባሉ አዛውንት የጎሣቸውን የዘር ሐረግ በሀዲይኛ ሲቆጥሩ ቀድታ፣ እዚያ ባለው ሰርቨር ላይ አስገብታ፣ መቅጃዋ ላይ ያለውንም እንደተባለችው አጥፍታ ተመልሳ ወጥታለች። በሳምንቱ መጥታ አዛውንቱ ማረፋቸውን ነገረችው። ድምፃቸውን ይዛ ለቅሶ ልትደርስ ፈልጋለች።

እንድርያስ ሰርቨሩን ገና ሳይከፍት ድምፁን የጣለው እሱ መሆኑ ገባው። ሰርቨሩ ትንሽ አስቸግሯል፣ ነገ አወጣልሻለሁ ብሎ ዋሻት። ከሄደች በኋላ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ዲስኩን እየደጋገመ አሰሰው። በላዩ የስቱዲዮው ቅጂ ተጽፎበታል፤ የሚወጣለት ሁሉ የዜና አንባቢው ድምፅ ነው።

በማግስቱ ሀያት እንደገባች ፊቷ ቆመ።

«የጣልኩት እኔ ነኝ» አላት። «ያንቺን ቅጂ ሳላየው ሰረዝኩት። ትናንትም ዋሽቼሻለሁ።»

ሀያት ስልኳን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው።

«ስልኬ ይሠራ ነበር፤ ለምን አልደወልክልኝም?»

እሱም ሲብሰለሰልበት ያደረው ይኸው ነው፤ አንዲት ስልክ።

«ለቤተሰቡ እኔ አልናገርም» አለችው። «መጥተህ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

አብረው ሄዱ። የሟች ባለቤት እማማ ከድጃ ለቅሶ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው፣ ሀያት የእንድርያስን ቃል ወደ ሀዲይኛ ስትመልስ ሰሟት። ማሽኑ ፈልጎ ሊያመጣው አይችልም ወይ ብለው ጠየቁ። አይችልም አላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ እቤት ውስጥ ደጋግመው ሲቆጥሩት እሰማ ነበር፣ የማውቀውን ልበላችሁ አሉ። እንድርያስ ማይኩን ያዘላቸው። ከባላቸው አባት ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ፤ እየቆዩ፣ እየተመለሱ፣ አንዳንዱን ስም እያረሙ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ሀያት እንዲቀጥሉ ብትጠይቃቸው አጭር መልስ ሰጧት፤ እሷም ወደ እንድርያስ ዞረች።

«ከዚህ በላይ ያለውን የሚያውቁት አባባ ቃሲም ብቻ ነበሩ ይላሉ» አለችው።

እንድርያስ ይቅርታ ጠየቃቸው። እማማ ከድጃ አልተቆጡም፤ ከሩቅ መጥታችሁ ሳትቀምሱማ አትሄዱም ብለው ከእንሰት የተሠራ ቡላ አስቀረቡላቸው። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ፊቱ የተቀመጠውን እያየ፣ እንዳያስቀይማቸው እያነሳ ጎረሰ።