ባዶ ባልዲ መላሾች

በእሳት አደጋ ጣቢያችን አዳራሽ አንድ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል። የሚነድ ቤት፣ ከፊቱ በእጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ፣ ከፓምፑ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ደግሞ በሁለት ረድፍ የቆመ ሰው ይታያል። በአንዱ ረድፍ ወንዶች ሙሉ ባልዲ ወደ ፓምፑ ያቀብላሉ። በሌላው ሴቶች ባዶውን ወደ ጉድጓዱ ይመልሳሉ። ከሴቶቹ አንዷ የባሌ አያት ናት ይባላል፤ ጀርባዋ እንጂ ፊቷ አይታይም። ባዶ ለሚመልስ ሰው ማን ፎቶ አንሺ ይዞራል?

እኔ የጣቢያው ቱቦ ጠጋኝ ነኝ። የተቀደደ የሸራ ቱቦ እሰፋለሁ፣ እጥፋለሁ፣ ማማው ላይ ሰቅዬ አደርቃለሁ። ስለዚህ "መርፌ" ይሉኛል፤ ምላሴንም ጨምረው እንደሆነ አይጠፋኝም። ባሌ ዕድሜውን እዚሁ ጨርሶ ሞተ። ልጄ ደግሞ ዛሬ የጣቢያው እሳት አጥፊ ናት፤ በሄልሜት የምትወጣ ሴት እሷ ብቻ ናት።

ጣቢያው የተመሠረተበት ቀን በየዓመቱ ሲከበር የድሮው ፓምፕ ከመጋዘን ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ከቁርጥራጭ እንጨት የተሠራ ቤት ይቃጠልና በጥንቱ ዘዴ ይጠፋል። ያን ቀን የቱቦውን ጫፍ የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ በእውነተኛው እሳት ፊትም ጫፍ ያዥ እሱ ነው። በመኪናው ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበርም የእሱ ይሆናል። ሹመት ነው እንግዲህ፣ ያውም በላብ የሚገኝ።

ዘንድሮ ተራው የልጄ መሆኑን ድፍን ጣቢያው ያውቃል። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጥሎ ጣሪያው ሲወርድ አናጢውን ተሸክማ ያወጣችው እሷ ናት። አለቃው ግን ጫፉን ለአማቹ፣ ለሴት ልጁ ባል ሰጠ። አማችየው ክፉ አይደለም፤ መሰላል ላይ ሲወጣ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያል መሰለኝ። ልጄን ደግሞ ሻሽ አስረሽ ከሴቶቹ ጋር ባዶ ባልዲ መልሺ አላት። ለምን ስትለው ወደ ፎቶው እያመለከተ ታሪክን እንዳለ ማሳየት አለብን ብሎ መለሰላት።

ይህን ቱቦ ክፍል መጥታ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። መርፌውን ሰክቼ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

"እማዬ፣ እንዳትናገሪ። በአንቺ አፍ ሳይሆን በሥራዬ ነው የማገኘው።"

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ" አልኳት። "ዝም ያለው ሰውዬ ግን ይነቅዛል።"

"ቃል ግቢልኝ።"

ገባሁላት። ስለ አፌ እንጂ ስለ እጄ ግን ቃል አልገባሁም።

በበዓሉ ቀን እንግዶች በሸራ ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። አዲሱ የእሳት አደጋ መኪናችን በሪባን አጊጦ ከኋላቸው ቆመ፤ ለውበት ተብሎ ወንበሩ ሁሉ ፊቱ ላይ ስለተደረደረ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ከሴቶቹ ረድፍ እኔ አለሁ፣ የሾፌሩ ሚስት አለች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የሌሎቹም ሚስቶችና እህቶች አሉ። ልጄ ጥግ ላይ ሻሿን አስራ፣ ሄልሜቷን እግሯ ሥር አስቀምጣ ቆማለች።

ቤቱ ተለኮሰ። ወንዶቹ የፓምፑን እጀታ በግራና በቀኝ ይዘው ከፍ ዝቅ ያደርጉ ጀመር። ይህ ፓምፕ ራሱ ውሃ አይስብም፤ ሆዱ ውስጥ በባልዲ ካልተገለበጠለት የሚተፋው የለውም። ሙሉው ሄደ፣ ባዶው መጣ፣ የአለቃው አማች ውሃውን ረጨ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አንድ ባዶ ባልዲ እጄ ገባ። ገለበጥኩትና ተቀመጥኩበት።

የሾፌሩ ሚስት አሞኝ መስሏት ጎንበስ አለች። ዓይኔን አየች፣ ከዚያ ልጄን አየች። ቀጥሎ የመጣውን ባልዲ ገልብጣ አጠገቤ ቁጭ። የጽዳት ሠራተኛዋም ተቀመጠች። ረድፉ እንዳለ ተቀመጠ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሁሉም ሆዱ ውስጥ የቆየ ነገር ነበረው።

ከጉድጓዱ ጫፍ ያለው ቀጂ እጁን ዘርግቶ ቀረ። የፓምፑ ሆድ ደረቀ፤ ቱቦው ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንተፋተፈና አየር ተፋ። እንግዶቹ ሳቁ። አለቃው ፊቱ ቀልቶ መጣ።

"እትዬ፣ ምን ሆነዋል? ባዶ ባልዲ ለመመለስ ነው ይሄ ሁሉ?"

ቃሌን አፈረስኩት። "ባዶ ነገር ከሆነማ ምን አስጨነቀህ?" አልኩት። ለባሌ ቱቦ ሲጠቀልልለት የነበረ ልጅ ስለሆነ አንቱ አልለውም።

ይኼኔ ነፋስ ተነሳ። የእሳቱ ፍንጣሪ በሜዳው ላይ እየዘለለ ወደ ሸራው ጥላ አመራ፤ እንግዶቹ ሳቃቸውን ትተው ወንበራቸውን እየገፉ ተነሱ። እውነት ለመናገር ፈራሁ። እልኬ ሰው ሊያቃጥል ነው ብዬ ልነሳ ስል ልጄ ቀደመችኝ።

ሻሿን ፈታ ጣለች። ሄልሜቷን አጠለቀችና ወደ ቱቦው ሄደች። የአለቃው አማች እሳቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫፉን በገዛ እጁ አቀበላት። እፎይ ያለ መሰለኝ።

"ወደ ቦታሽ ተመለሺ!" አለ አለቃው።

"ቦታዬ ላይ ነኝ" አለችው፣ ዞር እንኳ ሳትል። ከዚያ ወደ እኛ "ውሃ!" ብላ ተጣራች።

ተነሳን። ባልዲውን እየነጠቅን ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረስን፤ ሙሉና ባዶ ረድፍ የሚባል ነገር ቀረ። ሁሉም ይቀዳል፣ ሁሉም ያቀብላል፣ አማችየውም እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ይገፋል። ቱቦው ተወጠረ። ልጄ መጀመሪያ በሸራው በኩል ያለውን ሣር አራሰችው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረች። ሲጠፋ ያጨበጨበ የለም፤ ሁላችንም ረጥበን ቆመን ነበር።

በማግስቱ አለቃው ልጄን ቢሮው አስጠራት። በጣቢያችን ጥፋተኛ ተብሎ የተጠራ ሰው ሄልሜቱን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። ባሌ ስንቴ እንደዚያ ሲገባ አይቻለሁ፤ ሁሌም ሲወጣ ትከሻው ወርዶ ነበር። ልጄ በቱቦ ክፍሌ በኩል አለፈች። ሄልሜቱ ራሷ ላይ ነው።

"አውልቂው እንጂ" አልኳት፤ እናት ነኝና ፈራሁ።

"ምን አጥፍቼ?" አለችና በሩን ከፍታ ገባች።

የአለቃው ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ መጣ። ታሪክ፣ ሥነ ሥርዓት፣ ስንብት ሲል ሰማሁ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ድንገት ደወሉ ጮኸ፤ የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ነው። ሁሉም ሮጦ መኪናው ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አማችየው በሩን ከፍቶ ይዞ መሬት ላይ ቆሟል፤ እሱ አይወጣበትም።

ልጄ ከቢሮው እየሮጠች ወጣች፣ ወንበሯ ላይ ዘላ ተቀመጠች። አማችየው በሩን ዘጋላትና ከኋላ ተንጠላጠለ። አለቃው በመስኮት ያያል፤ አፉ ተከፍቷል፣ የጀመረውን አልጨረሰም። መኪናው ወጣ። ሄልሜቷ ከራሷ አልወረደም።