የመሪ ግራ ዓይን

የከተማ አውቶብስ የምትነዳውን ይህችን ሴት የሥራ ባልደረቦቿ «መሪ» ይሏታል፤ እጇ ከመሪው ላይ አይነሳማ! ለዓመታዊ የጤና ምርመራ ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ማኅተሙን አስመትታ እብስ ለማለት ነበር ሐሳቧ። ሐኪሟ ግን ጠብታ አድርጋ ብሌኗን ካሰፋች በኋላ ግራ ዓይኗን አየች፤ ደግማ አየች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ እሷ ሳብ አደረገች።

«እትዬ፣ ዓይንዎ ውስጥ፣ ከበስተኋላ በኩል፣ ትንሽ ጥቁር እብጠት አለች። ሜላኖማ ትባላለች፤ ካንሰር ናት።»

መሪ ወደ ኋላዋ ሸሸት አለች። «እኔ እኮ አያመኝም! ጥርት አድርጌ ነው የማየው።»

«ገና ትንሽ ሳለች ስለደረስንባት ነው። በሌዘር ሙቀት ልንገድላት እንችላለን።»

«ዓይኔ ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

«በይ ቀጠሮውን አቅርቢልኝ።»

ቤት ስትደርስ አናጢው ታላቅ ወንድሟ ወሬውን ከራሷ በስልክ ሰምቶ ኖሮ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቶችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊመጡ ምንም አልቀራቸውም።

«ወንድም ጋሼ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?»

«በዓይን ውስጥ እሳት ይገባል ሲሉሽ ዝም ትያለሽ? አውጥተው አይገላግሉሽም?»

«እሳት አይደለም፣ ብርሃን ነው። ካላመንከኝ አብረኸኝ ናና ራስህ ጠይቃት።»

አብሯት ሄደ። ሐኪሟም የመሪን ዓይን ፎቶ አሳየችው። ጨረሩ በብሌኗ በኩል አልፎ እብጠቷ ላይ ብቻ እንደሚያርፍ፣ የሚያሞቃትም በዝግታ እንደሆነ ነገረችው። «ብታድግ ኖሮ ሌላ ሕክምና ነበር የምመርጠው። ስትጠፋ ጠባሳ የሚቀርበት ቦታ ማየት ያቆማል፤ ተመልሳ እንዳትመጣም ለዓመታት እንከታተላታለን» አለች፤ አንዱንም አልደበቀችም።

አናጢው አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ሳንቃውን ሳይነኩ ምስጡን መግደል በሉኛ!» አለ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ መሪ አየች።

በሕክምናው ቀን የከበዳት ማደንዘዣው ነበር፤ መርፌው ከዓይኗ ሥር ሲገባ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗ ላይ የመስታወት ሌንስ አርፎ፣ አገጯ ከመሣሪያው ተደግፎ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ሆነ።

«እንዳይንቀሳቀሱ፣ እትዬ።»

«መንገድ ሲዘጋጋ ተቀምጬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ይልቅ ሥራሽን ሥሪ።»

ሐኪሟ ሳቋ እስኪያልፍ እጇን ከመሣሪያው አነሳች። ከዚያ ጨረሩን አንዱ ቦታ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ትንሽ ፈቀቅ ታደርገዋለች፤ እብጠቷን ዳር እስከ ዳር እስክታዳርስ ድረስ እንዲሁ ቀጠለች።

ከወራት በኋላ ሕክምናው አንዴ ተደገመ። በኋላ በተነሳው ፎቶ ላይ እብጠቷ ሟሽሻ፣ በቦታዋ ገርጣ ያለ ጠፍጣፋ ጠባሳ ቀርቷል። የመሪ ግራ ዓይን ከዳር በኩል ጥቂት እይታ አጥቷል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንገቷን አስረዝማ መዞር ለመደች። መሥሪያ ቤቷ እንደገና ፈተናት፤ ጥንቅቅ አድርጋ አለፈች።

ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ወንድሟ ተሳፍሮ ከጀርባዋ ተቀመጠ። አጠገቡ ላለው ተሳፋሪ ስለ ሌዘሩ፣ ስለ ሌንሱ፣ ስለ እህቱ ጀግንነት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተርካል። ደግሞ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ «አይደለም እንዴ እህት ዓለም?» አላት።

መሪ ግራና ቀኟን ቃኝታ ማርሽ አስገባች።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ «ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው።»