በአሥር ሴንቲ ያጠረ በር

አባቷ አናጢ ነው፤ የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ቅጽል ስሙ ሙያውን የሚያወድስ ይመስላል እንጂ ግማሹ አሽሙር ነው፤ ሰውዬው በሥራውም በኑሮውም አንዴ ካለው ፍንክች አይልም። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ የሒሳብ ውጤቷ ሰው ዓይን ውስጥ የሚያስገባ ሆኖ ሳለ፣ ናቹራልን ትታ ሶሻል መመዝገቧን የሰማ ዕለት መላጊያውን አስቀመጠ።

«ሶሻል ሒሳብ ያቃተው የሚሸሸግበት ነው» አለ። «ያለፈ ነገር ተጠንቶ ምን ሊሆን? አለፈ እኮ!»

«አላቃተኝም አባዬ። ወድጄው ነው።»

«መውደድ ሆድ አይሞላም።»

ዘርፍ መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብ ጠዋት አብረው ሄደው እንዲያስቀይሩ ተወሰነ፤ ተወሰነ ማለት እሱ ወሰነ። ልጅቷ አኮረፈች፣ እናቷ መሀል ገብታ ለመነች፣ ሚሊሜትር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ሒሳብ አትጠላም። የሒሳብ መልስ ግን መጽሐፉ ጀርባ ላይ ታትሞ ይቀመጣል፤ የታሪክ መልስ ሰው ዘንድ ነው ያለው፣ ሄዶ ማንኳኳትን ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠያቂ ናት፤ እንግዳ እንኳ ሲመጣ በጥያቄ ስታፋጥጠው እናቷ በዓይኗ ትቆጣታለች። የታሪክ አስተማሪያቸው ይህን አመሏን ትምህርት አደረገላት። ተማሪዎቹ «ማን ነገረህ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ማንም አፉን በከፈተ ቁጥር «ማን ነገረህ? እሱስ በቦታው ነበረ?» ስለሚል።

በዚያው ሳምንት ማን ነገረህ የቤት ሥራ ሰጠ። ከቤተሰብ ወይም ከሰፈር አንድ ድርጊት ምረጡ፤ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ የሚሉትን እንዳሉት ጎን ለጎን ጻፉ። «ዳኛም ሽማግሌም አትሁኑ» አለ። «የእናንተ ሥራ መስማት ነው።»

ልጅቷ ድርጊት ፍለጋ አልደከመችም። እነሱ ቤት ያለው አንድ ነው፤ የበሮቹ ነገር።

እሷ ገና ድክ ድክ ስትል አባቷና ታላቅ ወንድሙ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ለአንድ አዲስ ሕንፃ በሮች ታዘዙ፤ ተሠርተው ሊገጠሙ ሲሉ ሁሉም አሥር ሴንቲ አጥረው ተገኙ። የረዘመ በር ይቆረጣል፤ ያጠረ በር ግን ምን ይደረጋል? ወንድማማቾቹ በሰው ፊት ተሰዳደቡ፣ መሣሪያቸውን ተካፍለው ተለያዩ። አጎቷ አሁን ከመንገዱ ማዶ ይሠራል። አንዱ የሌላውን መጋዝ ሲሰማ ይውላል፤ ሰላምታ ግን የለም።

መጀመሪያ አባቷን ጠየቀች። ለሶሻል ትምህርት ነው ብትለውም፣ ስለዚያ ጉዳይ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው መሰል፣ መጋዙን አቁሞ ነገራት።

«እሱ ሕንፃው ድረስ ሄዶ ለካ፣ እኔ እዚህ ቆረጥኩ። ይዞት የሄደው ሜትር ጫፉ ተቆርጦ የወደቀ ነው፤ ሲለካበት ከአሥር ይጀመራል፣ በኋላ አሥሩ ይቀነሳል። ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ከሰጠኝ ቁጥር ላይ አሥር ቀንሼ ቆረጥኩ። ጥፋቱ የሱ ነው፤ ሲጀመር የተሳሳተ ቁጥር ነው ያመጣልኝ። ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት እኔኑ ወነጀለኝ። ጻፊ፤ ወነጀለኝ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች።

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረች። አጎቷ ሲያያት ደነገጠ፤ የበርጩማውን ብናኝ በእጁ ጠርጎ አስቀመጣት።

«አባትሽ ላከሽ?»

«አይ ጋሼ፣ ከትምህርት ቤት ነው።»

«እሱማ እንደማይልክሽ አውቃለሁ» አለ። ነገሩን ስታነሳበት ግን ድምፁ ተለወጠ። «ሜትሩ ጫፍ እንደሌለው ጠፍቶኝ ነው? ቀንሼ ነው የሰጠሁት! ትክክለኛውን ቁጥር ነው የሰጠሁት። ወንድሜ ባላጠፋሁት አዋረደኝ።»

ልጅቷ እዚያው በርጩማው ላይ እንዳለች ብዕሯ ቆመ። አንዱም አልዋሸም። ታላቁ ቀንሶ ሰጠ፣ ታናሹ የተቀነሰውን እንደገና ቀነሰ። አሥሯ ሴንቲ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሊደሰት የሚገባው ልቧ ፈራ፤ ለዚህች ብለው ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የተኮራረፉት። አፏ ላይ የመጣውን መልሳ ዋጠችው፤ ዳኛ አትሁኑ ተብላለች።

«ጋሼ፣ ቀንሼ ነው የሰጠሁት ብለህ ያን ጊዜ ነግረኸው ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሐሙስ ማታ ራት ተበልቶ እንዳበቃ እናቷ «እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልን» አለች። «ነገ የምትተዪው ትምህርት ከሆነ ስንብቱን እንኳ እንስማ።» ነገሩ ለባሏ የተወረወረ ነበር። ሚሊሜትር እንዳልሰማ ሆነ።

የአባቷን ቃል አነበበች። «ልክ ነው፤ አንድም አልጨመረችም» አለ፣ ደስ ብሎት። ቀጥላ የአጎቷን ጀመረች። ሚሊሜትር መንገዱን መሻገሯን የሰማው ገና አሁን ነው፤ ፊቱ ጠቆረ፣ ለመነሳት ወንበሩን ገፋ። «ቀንሼ ነው የሰጠሁት» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን መልሶ ተቀመጠ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«በራሱ አፍ ነው ያለው?»

«በራሱ አፍ።»

ሚሊሜትር ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቁጥር ሲያሰላ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህኛው ስሌት ቀላል ነበር፤ ግን ቆየበት።

«ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልነገረኝም?»

«ማን ጠየቀኝ ነው ያለው።»

እናቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ልትል ጀመረችና የባሏን ዓይን አይታ ተወችው። ዓይኑ ረጥቧል። ልጅቷ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ አሳዘናት፣ ማንበቧንም ጠላችው።

በመጨረሻ ወደ ልጁ ዞረ። «ነገ ጠዋት ተመልሰሽ ትሄጂለታለሽ። አሁንም ተቀይሞኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ነገ ጠዋትማ ዘርፍ ልናስቀይር ነው።»

«ዘርፉ ባለበት ይቀመጥ! ሥራ ጀምረሽ የለ እንዴ? ግማሽ ላይ ይተዋል?» አለ በቁጣ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንደላክሁሽ ግን እንዳትነግሪው።»

ልጅቷ ደስታዋ አንገቷ ድረስ ደርሶ ነበር፤ እሺ ብላ ብትገላገል ምንኛ በቀለላት። ግን አልቻለችም።

«አይሆንም አባዬ። ማን እንደሚጠይቀው ሳያውቅ ሰው አይጠየቅም። እኛ ታሪክ ተማሪዎች ዘንድ ይኼ ማታለል ነው።»

ሚሊሜትር በመስኮቱ በኩል መንገዱን አየ። ከማዶ የወንድሙ መብራት ገና አልጠፋም።

«እንግዲያው ንገሪው» አለ። «ወንድምህ ነው የሚጠይቅህ በይው።»