የሳህኑ ቂጥ

የእንግሊዟ የሳህን ፋብሪካዎች ከተማ የበርስለም ሰው ምሳ ሲጋበዝ፣ ከመቅመሱ በፊት ሳህኑን ገልብጦ ቂጡን ያያል። የት እንደተሠራ ሳያውቅ ምግቡ አይወርድለትም። ግሌኒስ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ በሠርጓ ቀን እንኳ ከሙሽራው ቀድማ የኬኩን ሳህን አይታለች እየተባለ ትታማለች።

የሳህን ፋብሪካዋ ሥራ አስኪያጅ ክላይቭ ይህን ስለሚያውቅ ሆቴሉ በር ላይ አስቁሞ ለመናት።

«ግሌኒስ፣ ዳክዬዬ፣ ዛሬን ብቻ እጅሽን ሰብስቢ። ምሳ የምንጋብዘው ሰውዬ ከኢንዶኔዥያ ድረስ የመጣው ፋብሪካችንን ገዝቶ እዚሁ ሊያሠራው ወይ ሊዘጋው ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«እስካሁን ምንም። ለዚህ ነው የምለምንሽ።»

ግሌኒስ የሠራተኞቹ ተወካይ ናት። እሷ ቀለም ክፍል ሳህን ላይ አበባ ትስላለች፤ ባሏ ስታን ጭቃ ክፍል ሳህኑን ከጭቃ ይሠራል። ፋብሪካው ከተዘጋ ሁለቱም ቤት መቀመጣቸው ነው።

እንግዳው አቶ ዊርያዋን ሳቂታ ሰው ነበሩ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዳክዬ» አለቻቸው ግሌኒስ፣ ማዕድ ላይ።

«ዳክዬ? እኔ እንኳ በግ ነው ያዘዝኩት።»

«እዚህ አገር ሰው ሁሉ ዳክዬ ነው፤ የፍቅር መጠሪያ ነው» ብሎ ክላይቭ ጣልቃ ገባ። «የምንበላበት ሳህን ደግሞ የራሳችን ሥራ ነው!»

ግሌኒስ የቀረበላትን ሳህን አየች። እንዲህ ያለ አበባ ስላ አታውቅም። ጣቶቿን ይበላት ጀመር። እጇን ጭኗ ሥር ከተተች፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ አወጣችው። ሳህኑን ከነጥብሱ ከነመረቁ ከራሷ በላይ አንስታ አንገቷን አጣመመች። መረቁ የክላይቭ ሱሪ ላይ ወረደ።

«በኢንዶኔዥያ የተሠራ» ስትል ጮክ ብላ አነበበች።

አቶ ዊርያዋን እስኪያስላቸው ሳቁ።

«የኔው ፋብሪካ ሥራ ነው! ገና ሲቀርብ ነው ያወቅኩት። ረክሶልህ ገዛኸው፣ አይደል?»

ክላይቭ ሱሪውን ትቶ ፊቱን ጠረገ።

«አይዞህ» አሉት። «የኔ አገር ሀብታሞችም እንደሷ ይገለብጣሉ። የኛን አገር ስም ሲያዩ ይመልሱታል፣ የእንግሊዝን ሲያዩ ይገዛሉ። እኔ የመጣሁት ለቂጡ ነው። ሳህኑን እዚያ ሠርቼ እልካለሁ፤ እናንተ ቂጡ ላይ ‹በእንግሊዝ የተሠራ› የሚል ማኅተም ትመቱበታላችሁ።»

«ውሸት? እሱን እንኳ አይሞክሩት፣ ዳክዬ!» አለች ግሌኒስ። «ነጩን ሳህን ይላኩልን፣ አበባውን እኛ እንስላለን። ከዚያ ‹በበርስለም የተሳለ› ብለን እንጽፍበታለን። ማንም ይገልብጠው፣ አናፍርም።»

«የእጅ ሥዕል ያለበት ደግሞ በውድ ይሸጣል» አሉ ሰውዬው፣ ለራሳቸው ይመስል። ተስማምተው እጃቸውን ዘረጉላት።

ግሌኒስ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ቀጥ አለች። ነጩ ሳህን በመርከብ ከመጣ፣ ጭቃ ክፍሉ ምን ሊሠራ ነው?

ስታን ቤት የአጃ ቂጣ በአይብ እያሞቀ ጠበቃት።

«እህሳ?»

«ፋብሪካው አይዘጋም።»

«ጎሽ! ማን ነው ያዳነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ምን ያስኮርፍሻል?»

ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ስታን፣ አበባ መሳል ትችላለህ?»

ስታን መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አወረደ። ነገሩ ገባው። ከዚያ እንደ አካፋ የሰፉ እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«ትልልቅ አበባ ከሆነ» አለ።