አብሽ ጣሳ ውስጥ ስምንት ዓመት

ፎቶ ማንሳት አላውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው እንዳይፈረድብኝ ብዬ አይደለም፤ ተፈርዶብኛል፣ ይበለኝ። በዕድሜዬ ካሜራ የጨበጥኩት አንዴ ብቻ ነው፤ በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ የልጄ ክርስትና ዕለት፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ ቤታችን ደጅ። ካሜራው የጎረቤታችን የአምሐ ነበር።

አምሐ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሚስቱ ፀሐይወርቅ ደመወዙን ፊልም ይበላዋል እያለች ትነጫነጭበት ነበር እንጂ ሰፈሩ በደንብ ተጠቅሞበታል። አልበሜን ብትገልጡት ደህና የሚባለው ፎቶ ሁሉ እሱ ያነሳው ነው፤ ባለቤቴ ደምሰው አዲስ ጫማውን እያሳየ፣ እኔ ልብስ ሳሰጣ አፌን ከፍቼ፣ የግቢው ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው። እሱ ራሱ ግን አንዱም ላይ የለም። አንሺውን ማን ያነሳዋል? የክርስትናው ዕለት ታዲያ እንግዳው ሊበተን ሲል ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና፣ «እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬ እንኳ እኔም ልታይ፤ አንሺኝ» አለኝ። ፀሐይወርቅ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። እሷን ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ እሱ ከጎኗ ቆመ፣ እኔ ቁልፏን ተጫንኩ። ይኸው ነው።

ያ ፊልም ሳይታጠብ መጋቢት ገባና አሰሳው መጣ። ቤት ለቤት የሚፈተሽበት ሰሞን ነው። አምሐ አንድ ማለዳ ጥቅሉን ከነቆርቆሮው በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ተማሪዎቼ አሉበት» አለኝ። «የኔን ቤት ሳይፈትሹ አይቀሩም። አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በሰላም ስትገላገል አሳጥበን እያየን እንስቃለን።»

በሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ወሰዱት። አልተመለሰም። ሬሳውም አልተሰጠን፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም። ቤቱ ተፈተሸና ካሜራው፣ መጽሐፉ፣ ደብዳቤው፣ ያለው ፎቶ ሁሉ በጆንያ ተጭኖ ሄደ።

ፀሐይወርቅ በሚያዝያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ፅጌረዳ አለቻት። አራስ ልጠይቅ ብሄድ፣ ጠያቂው እስኪወጣ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሸዋዬ፣ እሱ አንቺ ጋ ያስቀመጠው ነገር ነበር?» አለችኝ።

«ሽንት ቤት ከተትኩት» አልኳት።

አልከተትኩትም። ጓዳዬ ውስጥ ነበር፣ አብሽ ጣሳ ውስጥ፣ ከአብሹ ሥር። ለደምሰውም ጣልኩት ብዬዋለሁ። ለምን ዋሸሁ? ስለፈራሁ ነዋ! ፊልም እንደ ደብዳቤ ለብቻ ተደብቀው የሚያነቡት ነገር አይደለም። ሌላ ሰው ያጥበዋል፤ ያጠበው ያየዋል፤ ያየው ይናገራል። ብሰጣት ደግሞ በአራስ ወገቧ በዚያው ቀን ፎቶ ቤት ትሮጥ ነበር፤ አውቃታለሁ። ነገሩ ሲበርድ እነግራታለሁ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ፍርሃቱ ቀለለና ኀፍረቱ በቦታው ገባ። ጾም በመጣ ቁጥር አብሽ ላወጣ ማንኪያዬን ስሰድ ቆርቆሮውን ይነካል። አብሹን ይዤ ክዳኑን እዘጋለሁ።

እንዲህ ሆነን ሰባ ሰባት ላይ ደረስን። አሥረኛው የአብዮት በዓል አልፎ ባንዲራውና መፈክሩ ከየአጥሩ ገና እየተነሳ ነበር። ፀሐይወርቅ ስፌት ማኅበር ገብታ ስለምትሠራ ፅጌረዳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ ቤት ትቆያለች። መክሰሷን በልታ ስትጨርስ አልበሜን ከመደርደሪያው አውርዳ ጭኗ ላይ ትዘረጋለች። ስንት ጊዜ እንዳየችው እሷም እኔም አናውቅም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ እነዚህን ሁሉ አባዬ ነው ያነሳቸው አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አዎ።»

«እሱንስ ማን አነሳው?»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። «ማንም» አልኳት፣ ቀና ሳልል።

ጥቂት ገጽ ገለጠች። ከዚያ ልክ የቤት ሥራ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «እማዬ በሰማይ ታገኚዋለሽ ትለኛለች። እዚያ ግን ብዙ ሰው ነው ያለው። በምን አውቀዋለሁ?» አለች።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እኔ ሴትዮ ስንት ክፉ ቀን አልፌያለሁ፤ ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ተፈትሻለሁ፣ በስብሰባ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያች ልጅ ጥያቄ ግን ምንም ነገር ከመቀመጫዬ አላስነሳኝም። የምትጠይቀው አባት ፊቱ ከእኔ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ አብሽ ሥር ተቀብሮ ነበር።

በማግስቱ ጎፋ ወረድኩ። ሰፈሬ ያለውን ፎቶ ቤት ሆን ብዬ አልፌ ጋሽ ሂርጳ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌ ሰው ናቸው፤ ፎቶ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ቆርቆሮውን ከፈቱና አሸተቱት።

«ይሄ ፊልም ነው ወይስ አብሽ?»

«ሁለቱም ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«የክርስትና ነው» አልኩ፣ ያልተጠየቅኩትን።

ከመነጽራቸው በላይ ትኩር ብለው አዩኝ። በዚያ ዘመን ያልተጠየቀ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሽማግሌ አልነበረም። «ጨለማ ክፍሌ ከኔ በቀር ማንም አይገባም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ነገር ግን ያረጀ ፊልም ነው፤ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። ቅዳሜ ነይ።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ ብስራተ ገብርኤልን እየተመላለስኩ ነዘነዝኩት። ሌላው ሁሉ ይቃጠል፣ የሱን ፊት ብቻ አውጣልኝ አልኩት። መልአክን መነዝነዝ ነውር ነው፤ ቢሆንም ነዘነዝኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ሂርጳ ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩልኝ። ፊልሙ ከሚይዘው ሠላሳ ስድስት ፎቶ የወጣው ዘጠኝ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ጭጋግ ውስጥ እንደቆሙ ያህል ደብዝዘዋል። ቄሱ ጉርሻ ጎርሰው ጉንጫቸው አብጧል። እኔ ልጄን ታቅፌ አለሁ፤ ወጣት ነበርኩ ለካ! የመጨረሻውን ሽማግሌው በጀርባው ይዘው ቆዩ።

«ይሄን ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ሁለተኛ እንዳታነሺ» አሉና ገለበጡት።

ፀሐይወርቅ ወንበር ላይ ጥርት ብላ ወጥታለች፤ ሹሩባዋ እንኳ ይቆጠራል። ከጎኗ ሱሪ አለ፣ ኮት አለ፣ ክራቫት አለ፣ ሆዷ ላይ ያረፈ ትልቅ እጅ አለ። ከክራቫቱ ቋጠሮ በላይ ግን ፎቶው አልቋል። የሰውየውን ራስ ውጭ አስቀርቼዋለሁ።

«ኔጋቲቩ ላይስ?» አልኩ።

«ኔጋቲቩም ላይ የለም፣ ልጄ። ካሜራው ያላየውን እኔ ከየት አመጣለሁ?»

ከጎፋ ቤቴ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ። ስምንት ዓመት ዋሽቶ ኖሮ ራስ የሌለው አባት ይዞ ከተፍ ማለት ምን ይባላል? ዝም ብዬ ብኖር ማን ይጠይቀኛል? ልቤ እንዲህ እያለ ሲለፈልፍ እግሬ የራሴን በር አልፎ ፀሐይወርቅ ደጅ አደረሰኝ።

ልብስ እያጠበች ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት፣ «አልከተትኩትም ነበር» አልኩ። «ፊልሙን። ዋሽቼሻለሁ። እኔ ቤት ነበር።»

እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። «ስምንት ዓመት?»

«ስምንት ዓመት።»

«እኔ እኮ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ ሸዋዬ» አለች። ቁጣዋ ጩኸት አልነበረውም፤ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። «ዓይኑን ሳስታውስ አፉ ይጠፋብኛል። አፉን ይዤው ዓይኑ ይሄዳል። ለልጄ እሱን ትመስያለሽ እላታለሁ፤ ምኑን እንደምትመስል ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። አንቺ ደግሞ ቤትሽ አስቀምጠሽ በየቀኑ እንደምን ዋልሽ ትይኛለሽ!»

«ምቺኝ» አልኳት። ከልቤ ነው።

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ቀሚሷ ላይ እጇን አንዴ ጠረገች፣ ደገመች፣ እንደገና ጠረገች፤ ከዚያ ዘረጋችልኝ። ፖስታውን ሰጠኋት።

ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ፅጌረዳ በመሃላችን ተሸጎጠች። ፀሐይወርቅ አንድ በአንድ አየች። በጭጋጉ ውስጥ የቆሙትን ተማሪዎች በስማቸው ለየቻቸው፤ አንዱን ስትጠራ ድምጿ ወረደ። የቄሱን ጉንጭ አይታ ፈገግ አለች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ራሱስ?» አለች ፅጌረዳ።

መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «አባትሽ እጁን እናትሽ ሆድ ላይ አድርጎ፣ ሦስት ነን፣ ሦስታችንንም አስገቢ አለኝ። እሱ ረጅም ነው፣ አንቺ ደግሞ እታች ነሽ። አንቺ እንዳትቀሪ ብዬ ካሜራውን ዝቅ አደረግኩት። አንቺን ሳስገባ እሱ ወጣ።»

ልጅቷ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እዚህ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

ጣቷን እጁ ላይ አደረገች። «እጁ ትልቅ ነው» አለች።

የፀሐይወርቅ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ለካ ትስቃለች። «ቄሱ እያዩን እኮ ነው!» አለች። «ተው አታሳፍረኝ ብዬው እንኳ እጁን አላነሳም። ይቺን ክራቫት እኔ ነኝ ያሰርኩለት፤ አንቺ ሴትዮ አነቅሽኝ እያለ…» ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደና ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«ከዚህ በላይስ ምን ነበር?» አለች ፅጌረዳ፣ ጣቷን ፎቶው ያለቀበት ጠርዝ ላይ አድርጋ።

እናቷ ልጅቷን በትከሻዋ ይዛ ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት አቆመቻት። «ያየሽ ሁሉ ቁርጥ እሱን ናት ይለኛል» አለቻት። «ከዚያ በላይ ያለው ይሄ ነው።»

ፅጌረዳ ራሷን በጥርጣሬ አየች። «እኔ እኮ ሴት ነኝ። ጺም ነበረው?»

«ነበረው» አለች እናቷ።

«ኧረ ጺም አይባልም፤ ብዕር ያመለጠው የመሰለ ጭረት ነበር» አልኩ እኔ።

«ጺም ነው እንጂ! ስንት ጊዜ ወግቶኛል!» አለችና በልጇ ፊት የተናገረችው ታውቋት አፏን ያዘች። ተከራከርን። ጆሮው ወጣ ያለ ነው አልኩ፤ በዚህ ተስማማች። ስቆ አያውቅም አለች፤ እኔ ግን ሰውን እያሳቀ ራሱ የማይስቅ ዓይነት ነው አልኩ። «ሲቀልድ የሚያስታውቀው በቅንድቡ ነው። አንዱን ብቻ ያነሳል፤ የግራውን።»

«የግራውን! አዎ፣ የግራውን!» አለች ፀሐይወርቅ፣ ጭኗን መትታ።

ፅጌረዳ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። መጀመሪያ ሁለቱንም አነሳች፤ አልሆነም። የቀኙን በጣቷ ተጭና ይዛ የግራውን ሞከረች። ቆየችበት። ከዚያ ጣቷን ለቀቀችና ከንፈሯን ገጥማ፣ የግራ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ፣ በመስታወቱ ውስጥ ወደ እናቷ ተመለከተች።

«አምሐ!» አለች ፀሐይወርቅ።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውጭ ሰው እየተነጋገረ ያልፋል። ስሙን አፏን ሞልታ ስትጠራው ከስምንት ዓመት ወዲህ ገና መስማቴ ነበር። መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩና ሳልዘጋው ተመልሼ ተቀመጥኩ።